ከፋሲካው በግ ለአሮጌው በገና



55 ቀን የዘለቀው ዐቢይ ጾም ሲፈጸም በክርስቲያኑ ቤትና በቤተ ክርስቲያን ብዙ ነገር ይለወጣል። በጾሙ ወራት ድምፃቸው ሳይሰማ የከረመው ከበሮና ጸናጽል በትንሣኤው ሌሊት እንደ ገና ይሰማሉ። ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ሲዘሙበት የነበረው ማኅሌት በእልልታና በሽብሸባ ይደምቃል። በዚሁ ጊዜ ግን አንድ የዜማ መሣሪያ በተራው ዝም ይላል። እርሱም በጾሙ ምሽቶች ቤተሰቡን ሰብስቦ የከረመው በገና ነው። ብዙዎቻችን የጾም ብቻ መሣሪያ ስለሚመስለን፣ ፋሲካ ሲገባ ከግድግዳ ሰቅለነው እስከ መጪው ሁዳዴ እንረሳዋለን። ባለቤቱ ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ሳይወርድ ዓመታት ይቆጠራሉ።

ድምፁ ሳይሰማ የሚሰነብት በገና ይሞታል። አውታሩ ይደርቃል፣ ቆዳውን አይጥ ይበላዋል፣ እንጨቱን ነቀዝ ይፈጨዋል። ስለዚህም በዛሬው የበዓል ገጻችን፣ ያረጀ በገና በቤት ውስጥ ባለ አነስተኛ የእጅ ሥራ ቦታ እንዴት እንደሚታደስ፣ ከአሮጌው ምን መቅረት፣ ምንስ መተካት እንዳለበት፣ የፋሲካው በግም ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጥቂት ልንል ወደድን።

የዳዊት በገና

በገና በማኅሌት የሚመታ የቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሣሪያ አይደለም፤ ምእመኑ በቤቱ ሆኖ ፈጣሪውን የሚያመሰግንበት፣ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ነፍሱ የሚያስብበት የጸሎት መሣሪያ ነው። ሊቃውንት አባቶቻችን ከቅዱስ ዳዊት ጋር ያያይዙታል። ቅዱስ ዳዊት በንጉሡ በሳኦል ፊት እየደረደረ ክፉውን መንፈስ እንዳራቀለት በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 16 ተጽፏል። በመዝሙረ ዳዊታችን መጨረሻ የሚገኘው 151ኛው መዝሙር ደግሞ ዳዊት የዜማ መሣሪያውን በገዛ እጁ እንደ ሠራ ያስረዳል። ይህ በእንጨትና በቆዳ ለሚደክም እጅ ሁሉ ታላቅ ክብር ነው፤ ንጉሥም ነቢይም የነበረው ሰው አስቀድሞ የመሣሪያ ሠሪ ነበርና።

የበገና አካል ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ከታች ገበቴው አለ፤ ይኸውም ከእንጨት ተቦርቡሮ በከብት ቆዳ የተሸፈነው የድምፅ ሣጥን ነው። ከገበቴው ግራና ቀኝ ሁለት ምሰሶዎች ይቆማሉ፤ ሁለቱን ከላይ የሚያጋጥማቸው ቀንበሩ ነው። ከቀንበሩ ወደ ገበቴው ዐሥር አውታሮች ይወርዳሉ፤ በቆዳው ላይም ብርኩማ በተባለው እንጨት ላይ ያርፋሉ። አባቶች ሲያመሠጥሩት ቀንበሩን በልዑል እግዚአብሔር፣ ሁለቱን ምሰሶዎች በቅዱስ ሚካኤልና በቅዱስ ገብርኤል፣ ገበቴውን በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም፣ ዐሥሩን አውታሮች በዐሥርቱ ትእዛዛት ይመስሏቸዋል።

ቀደም ባለው ዘመን በገናን መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በየእልፍኛቸው ይደረድሩት ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ከደርዳሪዎቹ አንዷ እንደ ነበሩ ይነገራል። በኋላ ዘመን አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤልን የመሰሉ ሊቃውንት ጠብቀው አቆይተውታል። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር የሆኑት መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋም በ1960ዎቹ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ዘመን ለመንፈሳዊ ዜማ የማይመች ስለ ነበር የበገና ድምፅ ከአደባባይ ራቀ፤ ብዙ በገናዎችም ከግድግዳ ላይ ሳይወርዱ ባለቤቶቻቸው አለፉ። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በየማሠልጠኛው ብዙ ወጣቶች በገና እየተማሩ መሆናቸው ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ አዲስ በገና ለመግዛት የሚተጋው ቤተሰብ፣ በአያቱ ክፍል የተሰቀለውን አሮጌ በገና ቀና ብሎ አያየውም።

በጾሬ የተገኘው በገና

እኛ የምንኖርበት የአሶሳ አካባቢ የብዙ መጻተኞች አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎችም ክፍላተ ሀገር የመጡ ሰፋሪዎች እዚህ ጎጆ ቀልሰዋል። ወደ ጾሬ የሄደ ሰውም ከሱዳን ተሰደው የመጡ ወገኖች የተጠለሉበትን ሰፈር ያያል። የባቢሎን ምርኮኞች መሰንቋቸውን በዛፍ ላይ ሰቅለው በወንዝ ዳር ተቀምጠው እንዳለቀሱ የሚያወሳው 136ኛው መዝሙር፣ በዚህ ምድር ላይ ሲነበብ ልብን ከሌላው ቦታ ይልቅ ይነካል። ከአገሩ የራቀ ሰው መጀመሪያ የሚሰቅለው ዜማውን ነውና።

የአካባቢው ነባር ሕዝብም በዜማ መሣሪያ ሥራ የታወቀ ነው። የበርታ ወገኖቻችን ዋዛ የተባለውን ረጅም መለከት ከቅል እየቀጣጠሉ ይሠሩታል። እያንዳንዱ ነፊ የየራሱን አንድ ድምፅ ሲያወጣ ዜማው በኅብረት ይሞላል። አንዱ ቅል ሲሰበር ምድሪቱ በሰጠችው ሌላ ቅል ይተካል እንጂ ዋዛው አይጣልም። በገናም እንዲሁ ከምድርና ከመንጋ በተገኘ ነገር የተሠራ ስለ ሆነ፣ ምድርና መንጋ ባለበት ሁሉ ሊታደስ ይችላል።

በጾሬ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የሟች ባለቤታቸውን በገና በልጆቻቸው አስይዘው፣ በጓሯችን ወዳለችው አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቦታ ያስመጡት በጥር ወር ነበር። የገበቴው ቆዳ በአንድ ጎኑ በአይጥ ተበልቶ ተቀዷል። መሬት ላይ ያርፍ የነበረውን ማዕዘኑን ምስጥ ገብቶበታል። ከዐሥሩ አውታሮች የቀሩት አምስት ሲሆኑ እነርሱም ደርቀው ሲነኳቸው ይሰባበራሉ። የግራው ምሰሶ ከቀንበሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላልቷል። በቀንበሩ መካከል ግን በቢላ የተቀረጸ መስቀል አለ። ደርዳሪው ክንዱን ያሳርፍበት የነበረው ቦታም ከብዙ ዘመን ላብ የተነሣ ጠቁሮና ለስልሶ እንደ ቀንድ ያብረቀርቃል።

ልጆቹ አስቀድመው አንድ አናጢ አማክረው ነበር። የተሰጣቸውም ምክር ገበቴውን በኮምፔንሳቶ መለወጥ፣ በአንጀቱ ፈንታ ናይሎን መወጠር፣ ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት ነበር። «አዲስ ይመስላል፤ ለሳሎንም ያምራል» አሉን። እኛም ወደ እናታቸው ዘወር ብለን «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ስንላቸው፣ «ልጄ፣ ለማማሩማ ገበያው ሞልቶታል። እኔ የምፈልገው ድምፁን ነው» አሉ። ሥራውን የጀመርነው በዚህ ቃል ነው።

የሚቀረውና የሚለወጠው

አሮጌ ዕቃ የሚያድስ ሰው ሦስት ነገሮችን ቢጠብቅ ይበጀዋል። መጀመሪያ፣ ሸክሙን ገና ሊሸከም የሚችለው ክፍል ሁሉ ባለበት ይቆይ። ሁለተኛ፣ ፈጽሞ የጠፋው ክፍል በራሱ ዓይነት ይተካ፤ እንጨቱ በእንጨት፣ ቆዳው በቆዳ፣ አንጀቱ በአንጀት። ሦስተኛ፣ ዛሬ የምንሠራው ሥራ ነገ ሌላ ባለ እጅ ሊፈታው የሚችል ይሁን።

ሥራው የሚጀምረው ከመፍታት ሳይሆን ከማየት ነው። አውታሮቹ በየትኛው ቦታ እንደ ታሰሩ፣ ብርኩማው በቆዳው ላይ የት እንዳረፈ፣ ቀንበሩና ገበቴው ምን ያህል እንደሚራራቁ በወረቀት ላይ ይጻፋል። ከዚያም የቀሩት አውታሮች አንዱ ካንዱ እየተፈራረቀ ቀስ በቀስ ይላላሉ። በአንድ ወገን ያሉትን ብቻ አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ቀንበሩ ወደ ሌላው ወገን እንዲጠም ያደርገዋል።

እንጨቱን በጣት ጀርባ ማንኳኳት ነው። ጤነኛው ክፍል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ባዶነቱ ይታወቃል። ምስጥ የበላው ማዕዘን እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ተቆርጦ፣ በዚያው ልክ በተዘጋጀ የዋንዛ ቁራጭ ይሞላል። ዋንዛ ለመቦርቦር የሚገራ እንጨት ነው፤ በአካባቢያችንም ይገኛል። ቁራጩ ግን በሚገባ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥቡ ቆይቶ ሲሟሽሽ መጋጠሚያውን ይከፍተዋልና።

ማጣበቂያውን በተመለከተ፣ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኮላ ብርቱ ቢሆንም አንዴ ከያዘ አይለቅም፤ በሌላ ጊዜ መጋጠሚያው ቢላላ እንጨቱን ሳይሰብሩ መክፈት አይቻልም። ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ ግን በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል። ይህን ሙጫ የሚጠቀም ሠራተኛ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሰው አስቦ ይሠራል።

የተቀደደው ቆዳ ሊተርፍ አልቻለም። ስለዚህ ጠጉሩ ተላጭቶ ያልለፋ የከብት ቆዳ በውኃ ተዘፍዝፎ እስኪለሰልስ ድረስ ቆየ፤ በገበቴው ላይ ተወጥሮም በጠፍር ተሰፋ። እንዲህ ያለው ቆዳ ሲደርቅ ራሱን እየሳበ እንደ ከበሮ ይወጠራል። መድረቅ ያለበት በጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ ፈጥና ያደረቀችው ቆዳ ይሰነጠቃል። በአሶሳ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡ ስለሚበረታና አየሩ ስለሚርስ ይህን ሥራ በበጋው ወራት መፈጸም ይገባል። በክረምት ቆዳው እርጥበት ስቦ ሲላላ የበገናው ድምፅ ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደጋግሞ መቃኘት ነው እንጂ ተበላሸ ብሎ መስቀል አይገባም።

ቀንበሩና ምሰሶዎቹ በደረቅ ጨርቅ ተወለወሉ እንጂ አልተፋቁም። የተቀረጸው መስቀል፣ ላብ ያጠቆረው ቦታ፣ ጥንት የተጠገነው ስንጥቅ ሁሉ ባለበት ቀረ። ልጆቹ በዚህ መጀመሪያ ቅር መሰኘታቸው አልቀረም። እኛም የበዓሉን ትምህርት አስታወስናቸው። ጌታችን ከሙታን ተለይቶ ሲነሣ ሥጋውን በክብር አስነሣው፤ የችንካሩንና የጦሩን ምልክት ግን አላጠፋም። ሐዋርያው ቶማስ ያወቀው በዚያ ምልክት ነው። የሰው እጅ ሥራ ከዚያ ታላቅ ምሥጢር ጋር አይተካከልም፤ ነገር ግን መታደስ ማለት ያለፈውን መፋቅ እንዳልሆነ ከዚያ እንማራለን። ምልክቱ የጠፋበት በገና የማን እንደ ነበረ ማን ያውቀዋል?

ዐሥሩ አውታሮች

አሁን ወደ ፋሲካው በግ እንመለስ። የበገና አውታር ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። ዛሬ ብዙዎች ናይሎን ይጠቀማሉ፤ በቀላሉ ይገኛል፣ እርጥበትም አይበግረውም። ሆኖም በአሮጌ በገና ላይ የአንጀቱን ወፍራምና ሙቅ ድምፅ አይሰጥም። ነገ በየቤታችን በጉ ሲታረድ ሥጋው ለወጥ፣ ቆዳው ለነጋዴ፣ ጨጓራው ለዱለት ይሆናል። ቀጭኑ አንጀት ግን በብዙ ቤት ይጣላል። የአንድ በግ ቀጭን አንጀት 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል፤ ለአንድ በገና አውታሮች መነሻ የሚሆን ነገር በየዓመቱ ከደጃችን እየተጣለ ነው ማለት ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንጀቱ ገና ትኩስ ሳለ ተጨምቆ ይወጣለታል፤ በቀዝቃዛ ውኃም ደጋግሞ ይታጠባል። ውኃውን እየለወጡ አሳድሮት በማግሥቱ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ዘርግቶ ስቡንና ልፋጩን መፋቅ ነው። ለዚህም ስለት ያለው ቢላ አይስማማም፤ ይበጣዋል። በእኛ አገር ለሁለት የተሰነጠቀ ሽመል ጠርዙ ደህና አድርጎ ይፍቀዋል። ጠርቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ለቀጭኑ አውታር ጥቂት፣ ለወፍራሙ ብዙ ክር አብሮ እርጥቡን መግመድ ነው። ከዚያም በሁለት ችካል መካከል ተወጥሮ፣ ውሻና ዝንብ በማይደርስበት ጥላ ሥር ይደርቃል። እየደረቀ ሲላላ እንደ ገና ይገመዳል፤ ይወጠራልም። በመጨረሻም በጨርቅ ታሽቶ ይለሰልሳል።

የአውታሮቹ ላይኛ ጫፍ በቀንበሩ ላይ በመቃኛዎቹ ይጠመጠማል። አዲስ አንጀት ስለሚለጠጥ በአንድ ቀን እስከ ድምፁ ድረስ መወጠር አይገባም፤ ለብዙ ቀናት በጥቂት በጥቂቱ እየሳቡ ማለማመድ ነው። ዐሥሩ ሁሉ ቢወጠሩም በተለመደው አደራደር ድምፅ የሚሰጡት ስድስቱ ናቸው፤ አራቱ የግራ እጅ ጣቶች ማረፊያ ይሆናሉ።

ሥራው ሁሉ ተፈጽሞ ያለ አንዲት ትንሽ ነገር በገናው በገና አይሆንም። እርሷም እንዚራ ናት። እንዚራ በየአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። አውታሩ ሲነካ በእርሷ ላይ እየነዘረ፣ በገናን ከክራር የሚለየውን እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ይሰጣል። እንዚራዋ ጥቂት ወደ ፊት ስትሳብ ድምፁ ይታፈናል፤ ወደ ኋላ ስትገፋ ይራቆታል። በመካከል አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፤ እርሷን የሚያገኛት ጆሮ ብቻ ነው። ከዐሥሩ እንዚራዎች በጾሬው በገና ላይ የተረፉት ሦስት ነበሩ። እነርሱን እንደ ምስክር ይዘን፣ ሰባቱን በእነርሱ ውፍረትና ስፋት ቆረጥናቸው። እያንዳንዷን ቦታ ለማስያዝ የወሰደብን ጊዜ ቆዳውን ለመስፋት ከወሰደብን በለጠ።

ዕቃው ታደሰ፤ እጁስ?

በመጋቢት ወር በገናው ወደ ጾሬ ተመልሶ በትዝታ ቅኝት ሲደረደር፣ እናታችን አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያም «የበገናው ድምፅ መጥቷል። የእርሱ እጅ ግን የለም» አሉ። ይህ ቃል ወቀሳ አልነበረም፤ እውነት ነበር። እንጨትና ቆዳ በእንጨትና በቆዳ ይተካል። በአንድ ሰው ጣት ውስጥ የነበረው ዜማ ግን ሰውየው በሕይወት ሳለ ለሌላ ጣት ካልተላለፈ ምንም ሙጫ አይመልሰውም። ባለቤታቸው ለዘመናት ሲደረድሩ ከልጆቻቸው አንዱም አጠገባቸው ተቀምጦ አልተማረም ነበር።

እንግዲህ አሮጌ በገና የሚያድስ ቤተሰብ ሥራው ግማሽ ብቻ እንደ ሆነ ይወቅ። ሌላው ግማሽ ልጅ ማስተማር ነው። ለዚህም ትልቅ ትምህርት ቤት እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በገናን የወደዱት በ12 ዓመታቸው ገደማ፣ አለቃ ተሰማ በእንጦጦ ጎረቤታቸው ሆነው በመጡ ጊዜ ነበር። አንድ ደርዳሪ ጎረቤትና አንድ ጆሮ ያለው ልጅ መገናኘታቸው ለትውልድ የሚተርፍ ፍሬ አፍርቷል። ዛሬም በየሰፈራችን የሚደረድር አንድ አባት አይጠፋም፤ ደጃቸውን የሚያንኳኳ ልጅ ግን ጠፍቷል። የጾሬዋ እናትም ይህን ተረድተው የልጅ ልጃቸውን በአሶሳ ለሚገኝ አንድ በገና ደርዳሪ አደራ ሰጥተውታል። ልጁ እስካሁን የያዘው አንዲት አጭር ምስጋና ብቻ ናት፤ ነገር ግን አውታሩ በየሳምንቱ ስለሚነካ አይደርቅም።

ውድ አንባብያን፣ በገና የጾም መሣሪያ ብቻ አይደለም። ቅዱስ ዳዊት በሐዘኑም በደስታውም ደርድሮታል፤ የትንሣኤውን ምስጋና በበገና ማቅረብ የሚከለክል ሥርዓት የለም። ስለዚህ ዘንድሮ በገናችሁን አትስቀሉት። በአያት ቤት የተሰቀለ ካለም በዚህ በዓል ስትሰበሰቡ አውርዱት፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ማን እንደ ደረደረውና ከወዴት እንደ መጣ አረጋውያኑን ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉት። ለመፋቅና ለመቀባት አትቸኩሉ። በጉን የሚያርደውንም ሰው ቀጭኑን አንጀት ሳይበጣ ለይቶ እንዲያስቀምጥላችሁ አደራ በሉት። በገና ባይኖራችሁ እንኳ፣ በአካባቢያችሁ ላለ በገና ሠሪ ብትሰጡት የበዓል ስጦታ ይሆናል።

በሰላም የጾማችሁትን ጾም በሰላም እንድትፈቱ ያደረገ አምላክ፣ ቤታችሁን በምስጋና ድምፅ ይሙላው።

መልካም የትንሣኤ በዓል።